ጣፊያ ይውጣ ወይስ ይቆይ?

ያልተረጋጋ ሄሞግሎቢን (ኦክስጅን ተሸካሚው የቀይ ደም ሴል ፕሮቲን በቀላሉ ሲፈርስ) በዘር የሚመጣ ችግር ነው፤ ከአንድ ወላጅ መውረስ ብቻ ይበቃል። እንደ ሄሞግሎቢን ኮልን ያሉት ዓይነቶች ቀይ የደም ሴል ውስጥ ይፈራርሳሉ። ጣፊያም የተጎዱትን ሴሎች ቶሎ ያስወግዳቸዋል።

በክትትል መቆየት፦ ወጪው ቀላል ነው። ፎሊክ አሲድ፣ ሲያስፈልግም ደም መውሰድ። ሰልፋ (አንድ የፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ዓይነት) ያለበትን መድኃኒት ግን ያለ ሐኪም እንዳትነኩ!

ማስወጣት፦ ደም ማነሱን ብዙ ጊዜ ያሻሽላል፤ ሁሌ ግን አይደለም። ከባድ ኢንፌክሽንና የደም መርጋት ያሰጋል። የኢንፌክሽን መከላከያ ክትባቱ ከቀዶ ሕክምናው ቢያንስ 2 ሳምንት ይቅደም። ጎንደር ላለነው ይበልጥ የሚያስጨንቀኝ ወባ ነው። ጣፊያ የሌለው ሰው ለሥራ መተማ ቢወርድ ወባው ሊጠናበት ይችላል።

የደም መጠኑ ብዙም ለማይቀንስ ሰው መቆየቱ ይሻላል። ደም መውሰድ ለሚደጋገምበት፣ 5 ዓመት ላለፈው ልጅ ቀዶ ሕክምናው ይታሰብ። ከዚያ በኋላ ትኩሳት ከተነሳ፣ ሳያድር ሐኪም ቤት!