«ከዘር የበቀለ ዉዲ» ለሚል ሻጭ ቀብድ እንዳትልኩ

ሳይካድ (ዘንባባ የሚመስል፣ ወንዴውና ሴቴው የተለያዩ ተክሎች የሆኑ ጥንታዊ ተክል) የምትሰበስቡ፣ በተለይ ደቡብ አፍሪካ የምትኖሩ ወይም ከዚያ ለማስመጣት የምታስቡ፦ «ንጹህ እንሴፋላርቶስ ዉዲ፣ ከዘር የበቀለ» የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ እለፉት። «ሴቴ ናት» ብሎ ከጨመረበትማ ዋጋውንም አትጠይቁ።

ዉዲ የሚባለው ይህ የእንሴፋላርቶስ (የአፍሪካ ሳይካድ) ዝርያ በዱር የተገኘው አንድ ቦታ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1895 የዕፅዋት ተመራማሪው ጆን ሜድሊ ዉድ በዛሬዋ ክዋዙሉ-ናታል፣ ንጎዬ ደን አጠገብ፣ አብረው የበቀሉ ጥቂት ግንዶች አገኘ፤ ሁሉም ወንዴ ነበሩ። ሴቴ እስከ ዛሬ አልተገኘችም። አሁን በየአትክልት ስፍራው ያለው ዉዲ በሙሉ ከእነዚያው ግንዶች ወይም ከጎናቸው ከወጣ ቡቃያ የመጣ ነው። ስለዚህ ዘር የሚባል ነገር የለውም። ዘር ከመጣ እናቱ ሌላ ዝርያ ናት፤ አብዛኛውን ጊዜ እንሴፋላርቶስ ናታሌንሲስ። ዲቃላው በራሱ ነውር የለበትም፣ እንዲያውም ጠንካራና ያማረ ተክል ነው። ማጭበርበሩ ዲቃላውን በንጹህ ዋጋ መሸጡ ላይ ነው።

ትንሽ ብልጥ የሆነው ሻጭ ደግሞ «98 ከመቶ ዉዲ» ይላል። እስቲ እናስላው። ናታሌንሲስ በዉዲ ብናኝ (የወንዴው ዱቄት) ስትዳቀል ልጁ ግማሽ ዉዲ ነው። ከልጆቹ ሴቴዋ ኮን (ዘር የሚይዘውን ፍሬ መሳይ አካል) እስክታወጣ ተጠብቆ በዉዲ ብናኝ እንደገና ስትዳቀል 75 ከመቶ፣ ቀጥሎ 87.5፣ 93.75፣ 96.9 እያለ ይሄዳል። 98 የሚታለፈው በስድስተኛው ማዳቀል ነው። አንዷ ሴቴ በአሥር ዓመቷ ኮን ታወጣለች ብንል እንኳ (ብዙዎቹ ይዘገያሉ) 50 ዓመት ማለት ነው። ደግሞም ከሁለተኛው ማዳቀል ጀምሮ ቁጥሩ አማካይ ብቻ ነው፤ ከአንድ ኮን የወጡ ወንድማማች ችግኞች እኩል ዉዲ አይደሉም። ስለዚህ ሻጩን በመቶኛ አትከራከሩት፤ ስንተኛ ማዳቀል እንደሆነ፣ እናቲቱ የት እንዳለችና የብናኙን ምንጭ ጠይቁት። ኮኑ ከሌላ ብናኝ ካልተከለለ በቀር በአካባቢው ያለ ማንኛውም ወንዴ አባት ሊሆን ይችላል፤ ነቀዞች ብናኙን ያመላልሱታልና።

የዲኤንኤ ወረቀት ቢያሳዩዋችሁ የተመረመረው ምን እንደሆነ እዩ። በእንሴፋላርቶስ የክሎሮፕላስት (የቅጠሉ አረንጓዴ ክፍል) ዲኤንኤ የሚወረሰው ከእናት ነው። በእሱ ብቻ የተሠራ ምርመራ ስለ አባትየው አንዳች አይነግራችሁም። የችግኝ ፎቶም አያድንም፦ የዉዲ ለጋ ቅጠል ጠርዙ ጥርስ ያወጣል፣ የዲቃላውም እንዲሁ። የትልቁን ተክል ቅጠል ከላይም ከታችም ፎቶ አስነሡ፤ የእናቲቱን ኮንም ጨምሩ።

ዘር ብቻ የምትገዙ ከሆነ ሌላ ወጥመድ አለ። ያልዳበረ የእንሴፋላርቶስ ዘር ልክ እንደዳበረው ሙሉ መጠን ሊይዝ ስለሚችል በዓይን አይለይም። የዘሩ የላይ ሥጋ ተልጦ (በጓንት፣ መርዝ አለው) ውኃ ውስጥ ሲገባ የሚንሳፈፈው በአብዛኛው ባዶ ነው። የሰጠመውም ሁሉ ጤነኛ ነው ማለት አይደለም። ሽሉ ለመብሰል ኮኑ ከፈረሰ በኋላም ወራት ስለሚፈልግ፣ ስድስት ወር ገደማ የቆየ ዘር ምረጡና ከየ20ው ዘር ሁለቱን ሰንጥቀው በቪዲዮ እንዲያሳዩዋችሁ ጠይቁ። መሃሉ ላይ ሽል ካልታየ ቀሪውን አትግዙ።

ከሁሉ የሚያስቆጨው ግን ሥር የሌለው ግንድ ነው። አዲስ ቅጠል ዘርግቶ ስታዩት «ይዟል» ትላላችሁ፤ ሻጩም የሚጠብቀው ይህንኑ ነው። ቅጠሉ የወጣው ግንዱ ውስጥ ባለው ስታርች እንጂ በሥር አይደለም። ሥር ሳያበቅል ሁለት ጊዜ ቅጠል አውጥቶ ከዚያ ከታች መበስበስ የሚጀምር አለ። ከመክፈላችሁ በፊት ከማሰሮው አውጥተው ሥሩን በፎቶ ያሳዩዋችሁ። ግንዱን በአውራ ጣት ተጫኑት፤ ከሰረጎደ በስብሷል። ሥር የሌለውን አውቃችሁ፣ በርካሽ ከገዛችሁ ቁስሉን እስከ ጤነኛው ሥጋ ቁረጡ፣ ድኝ ነስንሱበት፣ ሁለት ሳምንት ጥላ ውስጥ አድርቁት። ቅጠሎቹንም አብዛኞቹን ቁረጡለት። ከዚያ ሦስት እጅ ፑሚስ (ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) ወይም ሻካራ የወንዝ አሸዋ፣ አንድ እጅ ብስባሽ አፈር ላይ አቁሙት። ውኃ በጥቂቱ፤ የሚገድለው ጥማት ሳይሆን እርጥበት ነው። ሥር ለማየት ወራት ትጠብቃላችሁ።

ወረቀቱን በተመለከተ፦ እንሴፋላርቶስ በሙሉ በሳይተስ (ለመጥፋት የተጋለጡ ዝርያዎችን ንግድ የሚቆጣጠር ዓለም አቀፍ) ስምምነት አንደኛው ዝርዝር ውስጥ ነው፤ ዘሩም ዲቃላውም ያለ ፈቃድ ድንበር አያልፍም። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ለመያዝም ለመሸጥም ፈቃድ ስለሚጠየቅ የሻጩን ፈቃድ ቀድማችሁ እዩ፤ ያለዚያ ከዱር የተነቀለ ሊሆን ይችላል። «ሳይካስ ሪቮሉታ ብዬ እልከዋለሁ» የሚላችሁን አትስሙ፤ እሱም (ሌላ የሳይካድ ዝርያ ነው) ሁለተኛው ዝርዝር ውስጥ ስላለ ፈቃድ ይጠይቃል። ጉምሩክ ሲይዘው የሚወረሰው የእናንተ ዕቃ ነው፤ የሻጩ ገንዘብ ግን አስቀድሞ ገብቷል።