የመንቀጥቀጥ ሞገድ ወይስ ጥቁር ድንጋይ?

ስለ ምድር ለሚማር ሰው ከሁለቱ የትኛው ይቅደም? በድሬዳዋ ዙሪያ ከሚገኘው ባዛልት፣ ማለትም ቅልጥ ዐለት ቀዝቅዞ ከሚሠራው ጥቁር ድንጋይ፣ አንዱን አንስቶ ለሚያገላብጥ ሰው፣ ቅልጡ ዐለት ሲረጋ ጋዝ የተዋቸው ጥቃቅን ቀዳዳዎች በግልጽ ይታዩታል።

የመሬት መንቀጥቀጥ ሞገድ በጥልቀት ተወዳዳሪ የለውም፤ ዴንማርካዊቷ ኢንገ ሌማን በ1936 እ.ኤ.አ. የምድር ውስጠኛ እምብርት መኖሩን ያመለከተችው በእርሱ ነው። ነገር ግን የሚያሳየን የዛሬዋን ምድር ነው።

ድንጋዩ ያለፈውንም ይዞ ይቆያል። በአፋር ባዛልት የተገኘው ከፍተኛ የሂሊየም 3 (ከምድር አፈጣጠር ጀምሮ በጥልቁ የቆየ ቀላል የሂሊየም ዓይነት) ድርሻ ቅልጡ ዐለት ከጥልቅ ማንትል፣ ማለትም በምድር ቅርፊትና በእምብርቱ መካከል ካለው ንብርብር፣ መነሣቱን ይጠቁማል፤ በምዕራብ አውስትራሊያ ከ2.7 ቢሊዮን ዓመት በፊት በፈሰሰ ላቫ ውስጥ የቀሩት፣ መጠናቸው በአየር ግፊት የሚወሰን የአረፋ ቀዳዳዎች ደግሞ፣ ተመራማሪዎች ለክተው እንደገመቱት፣ የያኔው የአየር ግፊት ከዛሬው ግማሽ እንኳ እንደማይሞላ ያሳያሉ። አንድ ዓይነት ድንጋይ ስለ ምድር ውስጥም ስለ ጥንቱ አየርም መመስከሩ እጅግ ያስደንቀኛል፤ ስለዚህ ለድሬዳዋ ተማሪ ከሞገዱ ይልቅ ድንጋዩን አስቀድማለሁ።