በእጅ የሚጠመዘዝ ታይመር፦ ዛሬ ነገ ለሚል ክርስቲያን ምን ያህል ይጠቅማል?

ባትሪ የሌለው፣ እስከ 60 ደቂቃ ቆጥሮ የሚያቃጭለው ታይመር የወጥ ቤት ዕቃ ነው። ወደ ሥራ ጠረጴዛ ያመጣው ጣሊያናዊው ፍራንቼስኮ ቺሪሎ ሲሆን፣ በ1980ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ተማሪ ሳለ የፖሞዶሮን ዘዴ የጀመረው በዚሁ ዕቃ ነበር። 25 ደቂቃ ሥራ፣ 5 ደቂቃ ዕረፍት፤ ከአራት ዙር በኋላ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ረዘም ያለ ዕረፍት።

ብዙ ሰው የሚስተው አጠማዘዙን ነው። በቀጥታ 25 ላይ ከማቆም መጀመሪያ እስከ 60 አዙሮ ወደ 25 መመለስ ይሻላል። አለዚያ የውስጡ ሞላ በደንብ ስለማይጠነጥን፣ በተለይ በአጭሩ ዕረፍት ላይ፣ ደወሉ ሳይጮህ ሊያልፍ ይችላል። አንድ ደቂቃ ቢያዛንፍ ለዚህ ሥራ ጉዳት የለውም። ድምፁ ግን ሌላ ሰው ያለበት ክፍል ውስጥ ያስቸግራል፤ የታጠፈ ጨርቅ ላይ ማስቀመጥ ይቀንሰዋል።

ትልቁ ጥቅሙ ስልክ አለመሆኑ ነው። ሰዓት ልሙላ ብሎ ስልኩን ያነሳ ሰው መልእክት ሳያይ መች ያስቀምጠዋል!

የታይመሩን ፊት ወደ ግድግዳ አዙሩት። በ4ኛው ክፍለ ዘመን በግብፅ በረሃ የኖረው መነኩሴ ኤቫግሪዮስ የስልቹነት መንፈስ ከ4 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት መነኩሴውን እንደሚዋጋ፣ 9 ሰዓት ስንት እንደቀረውም ፀሐይን እያየ እንዲለካ እንደሚያደርገው ጽፏል። ቁጥሩን እያዩ መሥራትም ያው ነው፤ ጆሮ ደወሉን ይጠብቅ፣ ዓይን ሥራው ላይ ይሁን።

ዘዴው የሚከሽፈው አብዛኛውን ጊዜ ሥራው ስላልተቆረጠ ነው። «ስብከት ማዘጋጀት» ለ25 ደቂቃ አይሆንም፤ «ምንባቡን ሦስት ጊዜ አንብቤ አምስት ጥያቄ መጻፍ» ይሆናል። ይህን ታይመሩን ከማዞር በፊት በወረቀት ላይ አስፍሩ። መክሊቱን የቀበረው አገልጋይ በማቴዎስ 25 ላይ የሰጠው ምክንያት «ፈራሁ» የሚል ነበር፤ ጌታው ግን ሰነፍ ብሎታል። ከስንፍና በስተጀርባ ፍርሃት ሲኖር ትልቁን ሥራ ማሳነስ በእርግጥ ይረዳል፤ የዕቃው ዋጋም እዚህ ላይ ነው።

ታይመሩ የማይነካው ክፍል ግን አለ። ገዢው ፊልክስ ጳውሎስን ሲመቸኝ አስጠራሃለሁ ብሎ የሸኘው ጊዜ አጥቶ አልነበረም፤ ስለ ጽድቅ፣ ራስን ስለ መግዛትና ስለሚመጣው ፍርድ ሲሰማ ፈርቶ ነው። ይቅርታ መጠየቅ፣ ከወንድም ጋር መታረቅ፣ ንስሐ መግባት በዚህ ወገን ናቸው። ለእነዚህ 25 ደቂቃ «መዘጋጀት» ራሱ ሌላ ማጓተቻ ይሆናል፤ ስልኩን አንስቶ መደወል ነው የሚያዋጣው። ቀኑን ሙሉ በቀላል ሥራ ላይ ደወል እያስጮሁ ዋናውን መሸሽም ይቻላል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ዙር በፊት አጭር ጸሎት አድርጉ፤ የምትሸሹትን አንድ ነገር በስሙ ለእግዚአብሔር ንገሩት፤ እሱኑ አስቀድሙ።

ለመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ይመቻል፤ ለጸሎት አንመክረውም፣ ቀጭ ቀጭታው ልብ ይሰርቃል። ሲያቃጭል ማረፍም ግዴታ ነው፤ ዕረፍቱን የሚዘል ሰው በሦስተኛው ዙር ይሰለችና ዕቃውን መሳቢያ ውስጥ ይጥለዋል። ስትገዙ ግርጌው ከበድ ያለውን ምረጡ፤ ቀላሉ ሲያዞሩት አብሮ ይሽከረከራል።