ፍሬን ያለው የትራክተር ተሳቢ፦ ከ11 ወር አገልግሎት በኋላ

ጥቅምት 2017 ላይ ለትራክተራችን አዲስ ተሳቢ አሠራን። ባለ አራት ጎማ ነው፣ 5 ቶን ይጭናል፣ በሃይድሮሊክ ወደ ኋላ ይገለብጣል። ከቀድሞው የሚለየው በአንድ ትልቅ ነገር ነው፤ የራሱ ፍሬን አለው። የሠራልን የብረታ ብረት ቤት ፍሬን ለሌለው ከሚያስከፍለው ሲሶ ያህል ጨምሮ ነው ያስከፈለን። ዘመድ ሁሉ "ለፍሬን ይህን ያህል?" ብሎ ነበር። ሙሉ የመኸር ምርት፣ አንድ የበልግ ዝናብ፣ የሰኔና የሐምሌ ጭቃ ካየሁበት በኋላ መልሴን ልጽፍ ነው።

ትራክተራችን ማሲ ፈርጉሰን 385 ነው። 85 የፈረስ ጉልበት አለው፣ ቱርቦ (ወደ ሞተሩ አየር በግፊት የሚያስገባ መሣሪያ) የለውም፣ የሚነዳው በኋላ ጎማ ብቻ ነው። የምንኖረው ኢተያ አካባቢ ነው። አርሲን የሚያውቅ የመሬቱን አቀማመጥ ያውቃል፤ ማሳው ወደ ጭላሎ አቅጣጫ ከፍ ይላል፣ ከአዳማ ወደ አሰላ የሚሄደው አስፋልትና ገበያው ደግሞ ታች ናቸው። ስለዚህ እኛ ዳገቱን ባዶ እንወጣለን፣ ቁልቁለቱን ሙሉ ጭነን እንወርዳለን። ሜዳ ላይ ለሚሠራ ሰው ይህ ግምገማ የተጋነነ ሊመስለው ይችላል። ለእኛ ግን የዕለት ተዕለት ጉዳይ ነው።

ወደዚህ ውሳኔ ያደረሰን ታኅሣሥ 2016 ላይ የደረሰብን ነው። ኮምባይነሩ ከማሳ ሳይወጣ ቶሎ እናድርስ ብለን በአሮጌው ተሳቢ 45 ኩንታል ስንዴ ጫንን። አጎቴ ይነዳል፣ እኔ በሞተር ሳይክል ከኋላ እከተላለሁ። ወንዙን ከመሻገራችን በፊት ያለችው ቁልቁለት ላይ አጎቴ ፍሬን ያዘ። ትራክተሩ ሊቆም ሞከረ፣ ተሳቢው ግን አልቆመም። ከኋላ ገፋው። የትራክተሩ ጀርባ በጠጠሩ ላይ ወደ ቀኝ ተንሸራተተና ሁለቱ እንደ ክርን ታጠፉ። ተሳቢው አንድ ጎኑን ቦይ ውስጥ አስገብቶ ሲቆም አሥራ ምናምን ጆንያ መንገድ ላይ ተበተነ። አጎቴ ከትራክተሩ ሲወርድ እግሩ መሬት አልረግጥ ብሎት ነበር። "ያዝኩት እኮ! ይዤዋለሁ!" እያለ ደጋግሞ ነገረኝ። እውነቱን ነው፣ ይዞታል። የያዘው ግን የትራክተሩን ሁለት የኋላ ጎማ ብቻ ነበር።

ያን ሳምንት ትራክተሩን ወስጄ ሚዛን ላይ አወጣሁት። ከፊት ክብደቶቹ ጋር 2,900 ኪሎ መዘነ። አሮጌው ተሳቢ ባዶውን 1,400 ኪሎ ነው። በላዩ 45 ኩንታል ሲጨመር 5,900 ይሆናል፣ የትራክተሩ ሁለት እጥፍ ማለት ነው። ብዙ የትራክተር መመሪያዎች ፍሬን የሌለው ተሳቢ ከነጭነቱ ከትራክተሩ ክብደት 1.5 እጥፍ እንዳይበልጥ፣ ፍጥነቱም በሰዓት ከ32 ኪሎ ሜትር እንዳያልፍ ይላሉ። በዚህ ስሌት ለእኛ ትራክተር የተሳቢው ጠቅላላ ክብደት ጣሪያ 4,350 ኪሎ ነው። የተሳቢውን ክብደት ስንቀንስ 29 ኩንታል ብቻ ይቀራል። እኛ 45 ስንጭን ዓመታት አልፈዋል። ትራክተሩ ዳገት ላይ ሳያቃስት ስለሚጎትተው የሚችለው መስሎን ነበር።

ይህን ደጋግሜ የምናገረው በአካባቢያችን ሰው ሁሉ ተሳቢ ሲገዛ "ስንት ኩንታል ይጭናል?" ብሎ ስለሚጠይቅ ነው። መጠየቅ ያለበት ትራክተሩ ስንት ኪሎ እንደሚመዝን ነው። የፈረስ ጉልበት ዳገት ያወጣል፤ ቁልቁለት ላይ ጭነቱን የሚይዘው የትራክተሩ ክብደትና ፍሬን የሚይዘው ጎማ ብዛት ነው። እንዲያውም በእኛ ከፍታ፣ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ፣ ቱርቦ የሌለው ናፍጣ ሞተር በቀጭኑ አየር ምክንያት ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህል ያጣል። ዳገቱ ላይ ይህ ይታወቅሃል፣ ማርሽ ትቀንሳለህ። የጭነቱ ክብደት ግን በከፍታ አይቀንስም።

ወደ አዲሱ ተሳቢ ልመለስ። ባዶውን 1,700 ኪሎ ነው። የኋላው አክስል ሁለት ጎማዎች በሃይድሮሊክ የሚሠራ ፍሬን አላቸው። ከትራክተሩ በጎማ ቱቦ ይገናኛል፣ ቫልቩም በትራክተሩ የፍሬን ፔዳል ይታዘዛል። ቫልቩን የገጠመልን ሌላ መካኒክ ነው፣ አንድ ሙሉ ቀን ፈጅቶበታል። ተሳቢው ከትራክተሩ ጋር ተገናኝቶ ሳይሞከር ከብረት ቤቱ እንዳታወጡት እመክራለሁ።

በመጀመሪያው ሳምንት ሜዳ በሆነ ደረቅ ጠጠር መንገድ ላይ ሞከርነው። 40 ኩንታል ጭነን፣ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር እየሄድን፣ መሬት ላይ በኖራ ምልክት አድርገን። ፍሬኑ ተያይዞ 7 ሜትር ገደማ ላይ ቆመ። ቱቦውን ነቅለን ያንኑ ስንደግም ወደ 15 ሜትር ሄደ። ሦስት ሦስት ጊዜ ሞክረነዋል፣ ልዩነቱ አልተለወጠም። በዚያ 8 ሜትር ውስጥ ልጅ፣ በሬ፣ የጎረቤት ጋሪ ሊኖር ይችላል። ያን ቀን አጎቴ ኖራውን እያየ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ።

ከቁጥሩ በላይ የወደድኩት ቁልቁለት ላይ ያለውን ስሜት ነው። አሁን ፔዳሉ ሲረገጥ ከኋላ የሚገፋ ነገር የለም፣ ተሳቢው ወደ ኋላ የሚይዝህ ይመስላል። ይህን ለማግኘት ግን የትራክተሩ ሁለት የፍሬን ፔዳሎች (አንዱ ለቀኝ፣ አንዱ ለግራ የኋላ ጎማ) መንገድ ላይ አንድ ላይ መቆለፍ አለባቸው። ማሳ ላይ ለመዞር ተለያይተው እንዲሠሩ ይፈታሉ፣ ከዚያ ሾፌሩ ረስቶ አስፋልት ይወጣል። አንዱ ብቻ ሲረገጥ ትራክተሩ ወደ አንድ ጎን ይሳባል፣ ተሳቢው ደግሞ መታጠፉን ይጨርሰዋል። እኛ ከማሳ መውጫው ላይ ቆመን መቆለፊያውን በእጃችን ሳንነካ አንንቀሳቀስም።

ፍሬን አለ ብለን በማርሽ ላይ ያለንን ጥንቃቄ አልቀነስንም። ቁልቁለቱ ሳይጀምር ዳገቱን በምንወጣበት ማርሽ እንገባለን፣ ፍሪሲዮን ሳንረግጥ እስከ ታች በዚያው እንወርዳለን። በአካባቢው ናፍጣ ለመቆጠብ በዜሮ የሚለቁ ሾፌሮች አሉ። ልመናዬ ነው፣ አታድርጉት። አንዴ ጭነቱ ከፈጠነ ማርሹ ተመልሶ አይገባም፣ ፍሬኑም ብቻውን ይቀራል። ፍጥነት ከ15 ወደ 30 ሲወጣ ለማቆም የሚያስፈልገው ሥራ አራት እጥፍ ይሆናል። ሾፌሩ ግን ሁለት እጥፍ ብቻ የፈጠነ ይመስለዋል።

አሁን ደግሞ ያልወደድኩት።

መጀመሪያ የተበላሸው መብራቱ ነው። የኋላ መብራትና የፍሬቻ ሽቦዎች በሻሲው ሥር ምንም መሸፈኛ ሳይኖራቸው ታስረው ነበር፣ በሦስተኛው ወር የስንዴ አገዳ በጣጠሳቸው። እኔ ራሴ በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ አሳልፌ እንደገና ዘረጋኋቸው። ጨለማ ውስጥ ያለ መብራት የቆመ ተሳቢ ምን እንደሚያደርስ ከአዳማ እስከ አሰላ የሚመላለስ ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ መብራቱ ላይ ብቻ መተማመን ትቼ ከኋላ ሰፋ ያለ አንጸባራቂ ሦስት ማዕዘን፣ በጎንና በጎኑ ደግሞ አንጸባራቂ ጥብጣብ አስለጠፍኩ። ወጪው ትንሽ ነው፣ ሽቦ ቢበጠስም ይሠራል።

ሁለተኛው የሳጥኑ ብየዳ ነው። የኋላው በር ማጠፊያ ያለበት ጥግ በአምስተኛው ወር ሰነጠቀ። ብረት ቤቱ ያለ ክፍያ ደግሞ በየደው፣ ከውስጥም ማጠናከሪያ ላሜራ ጨመረበት። ከዚያ ወዲህ አልከፈተም፣ ቢሆንም በየሳምንቱ አየዋለሁ።

የእጅ ፍሬኑ ደካማ ነው። ባዶውን ይይዛል፣ ተጭኖ ዳገት ላይ ግን አልተማመንበትም። ሁለት የእንጨት ታኮ በሰንሰለት አስረን ከሻሲው ጋር ሰቅለናል፣ ተሳቢው ከትራክተሩ ሳይፈታ ታኮው ከጎማው ሥር ይገባል። የፍሬን ቱቦው መጋጠሚያም አቧራ ሲገባበት ያንጠባጥባል። አሁን ቆብ ገዝተንለታል፣ ከመገጠሙ በፊት በጨርቅ መጥረግ የረዳቱ ሥራ ሆኗል።

ማያያዣው ላይ ረዘም አድርጌ ልጻፍ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚዘናጋው እዚያ ነው። ተሳቢው ሲመጣ ከትራክተሩ ጋር የሚያያይዘው ፒን ቀዳዳው ውስጥ ይላወስ ነበር። ቀጭን ፒን በሰፊ ቀዳዳ ውስጥ በእያንዳንዱ ጉድጓድ ይመታል፣ እየመታ ሁለቱንም ይበላል። በወፍራም ፒን አስለወጥኩት፣ ከታች ማቆያ ቀለበት አለው። አርማታ ብረት ወይም አሮጌ ቡሎን አስገብቶ መጎተት በአካባቢያችን የተለመደ ነው፣ ያ ብረት ለዚህ አልተሠራም። በተጨማሪ ከተሳቢው ምላስ (ከፊቱ ወጥቶ ከትራክተሩ ጋር የሚያያዘው ብረት) ወደ ትራክተሩ የሚሄድ ሰንሰለት አለን፣ ፒኑ ቢሰበር እንኳ ተሳቢው ብቻውን ወደ ሰው እንዳይሄድ። ሰንሰለቱ ለመታጠፍ እስኪበቃ ይላላል እንጂ መሬት አይጎተትም።

የሚያያዘውም ሁልጊዜ ከታች ካለው መጎተቻ ነው። ሐምሌ ላይ ማዳበሪያና ዘር ይዘን መረሬ መሬት ውስጥ ገባን፣ የትራክተሩ የኋላ ጎማዎች እስከ ግማሽ ሰመጡ። የተሰበሰበው ሰው አንድ ሐሳብ አመጣ፦ ሰንሰለቱን ከፍ አድርጉና ከላይኛው የማረሻ ክንድ ላይ እሰሩት። አንድ ትልቅ ሰው፣ እኔን ሊረዱኝ ፈልገው፣ "ልጄ፣ ከላይ ሲሳብ እኮ ወደ ላይ ያነሣዋል" አሉኝ። "አባባ፣ የሚነሣው የትራክተሩ አፍንጫ ነው" አልኳቸው። ጎማው በጭቃ ተይዞ መዞር ሲያቅተው ሞተሩ ትራክተሩን ራሱን በአክስሉ ዙሪያ ያዞረዋል። የታሰረው ከአክስሉ በላይ ከሆነ ፊቱን ወደ ኋላ ለመገልበጥ ከ1.5 ሰከንድ ያነሰ ጊዜ ይበቃዋል። ሾፌሩ ፍሪሲዮን ለመርገጥ አይደርስም። የእኛ ትራክተር መከላከያ ጣሪያ የለውም። ማዳበሪያውን በሰው ጉልበት አወረድን፣ ተሳቢውን ፈታነው፣ ከጎማዎቹ ኋላ አፈሩን ቆፍረን ትራክተሩን በኋላ ማርሽ አወጣነው። ሦስት ሰዓት ፈጀ። አዛውንቱ እስከ መጨረሻው አብረውን ቆፈሩ።

ባለ አራት ጎማ መምረጣችን በአጠቃላይ ትክክል ነበር። ተሳቢው በራሱ ስለሚቆም ማያያዝና መፍታት ቀላል ነው፣ የጭነቱ ክብደትም የትራክተሩን ፊት አያነሣም። ባለ ሁለት ጎማው ከክብደቱ የተወሰነውን በመጎተቻው ላይ ስለሚጥል የኋላ ጎማዎች ጭቃ ላይ መሬት ይቆነጥጣሉ። ከኋላው አብዝቶ ከተጫነ ግን ምላሱ ወደ ላይ ይነሣል። የእኛው ችግር ወደ ኋላ መንዳት ነው። ሁለት መታጠፊያ ስላለው ልምድ ያለው ሾፌር እንኳ ይቸገራል። መጋዘን በር ላይ ብዙ ጊዜ ፈትተን በሰው እንገፋለን።

አሁን ያለን ልክ ቁልቁለት ባለበት መንገድ 40 ኩንታል ነው፣ ለሜዳው 50። ተሳቢው ፍሬን ስላለው ከዚህ በላይ ይችላል ቢባልም እኔ አልፈቅድም። በየመኸሩ "አሥር ኩንታል ቢጨመር ምን ይለዋል?" የሚል ደንበኛ አይጠፋም። ሁለት ጊዜ ሥራ አጥቼበታለሁ፣ ሰዎቹ የሚጭንላቸው ሌላ ትራክተር አገኙ። የገበያ ቀን ደግሞ ከጆንያው ላይ ሰው መጫን አቁመናል። እናቶች ዕቃ ተሸክመው በእግር ሲሄዱ አልፎ መሄድ ልብ ይከብዳል። ዕቃቸውን እንጭንላቸዋለን፣ እነሱ ግን አይወጡም። መጀመሪያ ላይ ተቀይመውን ነበር።

ኅዳር ላይ ኮምባይነር ከመምጣቱ በፊት የቀሩኝ ሥራዎች አሉ። የፍሬን ሸራው ተፈቶ ይለካል፣ የፊት ግራው ጎማ ኩሽኔታ ስለሚጮህ ይለወጣል፣ የተሳቢው ምላስ ቀለበት ውስጡ 3 ሚሊ ሜትር ስለተበላ በአዲስ ይተካል። ለቀለበቱ ብረት ቤቱ ቀጠሮ ሰጥቶኛል። አጎቴም አብሮኝ ይሄዳል፣ ፒኑን ራሱ ልምረጥ ብሏል።