11 ወር በአንድ ሃርድቴል፦ ከኦክላንድ ጫካ እስከ ማሪን ባሕር ዳርቻ

ማውንቴን ባይኬን (የተራራ ብስክሌቴን) የገዛሁት ባለፈው ጥቅምት ነው። አሁን 11 ወር ሞላው። ወደ 1,900 ኪሎ ሜትር ሄጄበታለሁ፤ አብዛኛው በአፈር መንገድ ነው። የምኖረው ኦክላንድ፣ ካሊፎርኒያ ነው። ማውንቴን ባይክ ለመግዛት እያሰባችሁ የትኛው ይሻላል ብላችሁ የምትጠይቁኝ ስለበዛችሁ ያየሁትን ሁሉ ልጻፍላችሁ።

ብስክሌቱ ሃርድቴል የሚባለው ዓይነት ነው። ሾክ አብዞርበር ያለው ከፊት ብቻ ነው፤ ከኋላ የለውም። የፊቱ 120 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። ፍሬሙ አሉሚኒየም ነው። ጎማው 29 ኢንች፣ ስፋቱ 2.4 ነው። ማርሹ ሺማኖ ዲዮሬ የሚባለው፣ ባለ 12 ደረጃ ነው። የኋላው ትንሹ 10 ጥርስ፣ ትልቁ 51 ጥርስ አለው። ከፊት ባለ 30 ጥርስ አንድ ብቻ። ፍሬኑ የዘይት ዲስክ ነው። 1,500 ዶላር ከፈልኩ። የፍሬሙን ፋብሪካ አልጠራም። በዚህ ዋጋ የሚሸጡ ሃርድቴሎች በፍሬም ብዙም አይለያዩም፤ የሚለያዩት በተገጠመባቸው ዕቃ ነው።

ለቤቴ የሚቀርበው ጫካው ነው። ዋኪን ሚለር ፓርክና ሬድዉድ ሪጅናል ፓርክ ጎን ለጎን ናቸው። ሬድዉድ የሚባሉት የድሮዎቹ ግዙፍ ዛፎች በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ለጣውላ ተቆርጠው አልቀዋል። ዛሬ የምናያቸው ከጉቶው ዙሪያ የበቀሉት ናቸው። ለዚህ ነው ብዙ ቦታ ክብ ሠርተው የቆሙት። ጉም ሲገባ ቅጠላቸው ውሃውን ይይዝና ያንጠባጥበዋል። በበጋም ቢሆን ከሥራቸው ያለው መሬት ይረጥባል። የረጠበ የዛፍ ሥር ደግሞ ሳሙና ማለት ነው።

ብስክሌቱ ይዞት የመጣው ጎማ እዚህ አልሆነም። ላስቲኩ ደረቅ፣ ጥርሱም አጭር ነበር። በ3ኛው ሳምንት አንድ ሥር ላይ የፊቱ ጎማ ተንሸራቶ ክርኔ ተላጠ። በማግስቱ ጎማውን ቀየርኩ። ለስላሳ ላስቲክና ረጅም ጥርስ ያለው ገዛሁ፤ የውስጥ ጎማውንም አስወጥቼ ቲዩብለስ አደረግሁት። ሁለቱም ጎማ 140 ዶላር ገደማ ፈጀ። ከዚያ በኋላ ሌላ ብስክሌት የገዛሁ ነው የመሰለኝ። ክብደቴ 74 ኪሎ ነው። ከፊት 22፣ ከኋላ 25 ፒ ኤስ አይ (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) እነፋለሁ። ይህ ለመንገድ ብስክሌት ሰው ባዶ ጎማ ነው። ለጫካ ግን ጎማው መሬቱን እንዲያቅፍ ያደርገዋል። ገንዘብ ካላችሁ መጀመሪያ እዚህ ላይ አውሉት።

ቲዩብለስ ውስጡ ሲላንት የሚባል ነጭ ፈሳሽ አለው። እሾህ ሲወጋው ፈሳሹ ራሱ ይደፍነዋል። በ11 ወር ጎማ ተንፍሶብኝ አንድም ቀን በእግሬ አልተመለስኩም። ግን ፈሳሹ ይደርቃል። በየ3 ወሩ እጨምራለሁ።

ሲንደሬላ የሚባለው ቁልቁለት ላይ የሃርድቴል ድክመት ይታያል። ድንጋዩ ብዙ ነው። እያንዳንዱ ምት በቀጥታ ወደ እግር ይመጣል። ቁጭ ብሎ መውረድ የለም፤ ፔዳሉ ላይ ቆሞ፣ ጉልበትን ዘና አድርጎ ነው። ለዚህ ኮርቻው ዝቅ ማለት አለበት። ስለዚህ በመሪው ላይ ባለ ቁልፍ ኮርቻውን ከፍና ዝቅ የሚያደርግ ምሰሶ አስገጠምኩ፤ 180 ዶላር። ጉልበት ወይም ወገብ የሚያማችሁ ከሆነና ዋና መንገዳችሁ እንዲህ ያለ ድንጋያማ ቁልቁለት ከሆነ፣ ከኋላም ሾክ ያለውን ግዙ። ከዚያ ውጭ ላለው ግን አያስፈልግም ባይ ነኝ።

ፖይዝን ኦክን ሳልነግራችሁ አላልፍም። ሦስት ሦስት ቅጠል አለው፤ በመንገዱ ዳር ሞልቷል። እንደ ሳማ ወዲያው አይለበልብም። ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ ነው የሚያሳክከውና ውሃ የሚቋጥረው። ዘይቱ ጓንትና መሪ ላይም ይቀራል። ስመለስ እጄን ብቻ ሳይሆን መሪውንም በሳሙና አጥባለሁ።

ወደ ቻቦት ልውሰዳችሁ። ቻቦት ሐይቅ ሐይቅ ይባል እንጂ ግድብ ነው። አንቶኒ ቻቦት የሚባል ሰው በ1870ዎቹ ያሠራው የአፈር ግድብ ነው። አብዛኞቹ ሠራተኞች ቻይናውያን ነበሩ። አፈሩን ለመጠቅጠቅ የፈረስ መንጋ ይነዱበት እንደነበር ይነገራል። እኛ አገር አውድማ ላይ ከብት እንደሚነዳው ማለት ነው። ዛሬ ለከተማው የመጠባበቂያ ውሃ ስለሆነ መዋኘት ክልክል ነው።

በሐይቁ ዳር ያለው መንገድ በከፊል አስፋልት ነው። ከዚያ ወደ ኮረብታው ይወጣል። በብራንደንና በጎልደንሮድ ትሬል ዞሮ በባስ ኮቭ በኩል ወደ ግድቡ ይመልሳችኋል። አቀበቱ ላይ ባለ 51 ጥርሱ ማርሽ ውለታ ውሏል። ላዩ ላይ ባህር ዛፍ አለ፤ ብዙ ባህር ዛፍ። የመጀመሪያ ቀን ሽታው ሲመጣ ብስክሌቱን አቁሜ ቆምኩ። እንጦጦ ነው የሸተተኝ። ግን ተጠንቀቁ፦ የተላጠው ቅርፊትና ክብ ክብ ፍሬው ጎማ ሥር ይንከባለላል። ኩርባ ላይ ፍሬን አትያዙ፤ ከኩርባው በፊት ጨርሱ።

እዚህ ዝናቡ የሚመጣው ከኅዳር እስከ መጋቢት ነው። የቻቦት አፈር ያኔ ዋልካ ይሆናል። የአገራችንን ዋልካ የሚያውቅ ይህን አፈር ያውቀዋል። ጥር ላይ ዝናብ ባባራ ማግስት ወጣሁ። ሁለት መቶ ሜትር ሳልሄድ ጭቃው በጎማውና በፍሬሙ መካከል ታጭቆ ጎማው አልዞርም አለ። ብስክሌቱን ተሸክሜ ወጣሁ። የባሰው ስሕተት ከዚያ በኋላ ነው። መኪና ማጠቢያ ወስጄ በኃይለኛ ውሃ አጠብኩት። ውሃው ፔዳሉ የሚዞርበት ኩሽኔታ ውስጥ ገብቶ ግሪሱን አጠበው። በወሩ መንቋቋት ጀመረ። ማስቀየሪያው 95 ዶላር። አሁን በባልዲና በብሩሽ ብቻ ነው የማጥበው። ዝናብ ከጣለ ደግሞ ቢያንስ ሦስት ቀን እጠብቃለሁ። በእርጥብ መንገድ መሄድ መንገዱንም ያበላሻል፤ የጎማው ቦይ ሲደርቅ እንደ ድንጋይ ይጠነክርና ለሚቀጥለው ሰው መሰናክል ይሆናል።

የብስክሌቱን ካቴና የጨረሰው ያ ክረምት ነው። በ900 ኪሎ ሜትር ስለካው ተለጥጦ ነበር። ካቴና በጊዜ ካልተቀየረ የማርሹን ጥርስ ይበላል፤ ያኔ የካቴናው 35 ዶላር ወደ መቶዎች ይሄዳል። መለኪያው ትንሽ ብረት ነው፤ ግዙት።

ባሕር ዳርቻው ደግሞ ማሪን ሄድላንድስ ነው። ከጎልደን ጌት ድልድይ ማዶ። ብስክሌቱን ባርት በሚባለው ባቡር ላይ ጭኜ ሳን ፍራንሲስኮ እወርዳለሁ፤ ከዚያ ድልድዩን በፔዳል። በሚዎክ ትሬል ወጥቶ በኦልድ ስፕሪንግስ ወደ ቴኔሲ ቫሊ መውረድ፣ በማሪንቼሎ ወጥቶ በቦብካት መመለስ። ማሪንቼሎ በ1960ዎቹ ሊሠራ ታቅዶ የነበረ ከተማ ስም ነው። ሰዎች ታግለው አስቀሩት። ዛሬ ሣርና ነፋስ ብቻ ነው፤ አቀበቱን ስወጣ ሁሌ አመሰግናቸዋለሁ።

በስተሰሜን የታማልፓይስ ተራራ ይታያል። ከዚያ ተራራ አጠገብ፣ ፌርፋክስ፣ በ1976 ወጣቶች በአሮጌ ብስክሌት ቁልቁል መሽቀዳደም ጀመሩ። ፍሬናቸው ፔዳሉን ወደ ኋላ ሲረግጡት የሚይዝ ነበር። ከመጋሉ ብዛት ግሪሱ ይጨስ ነበርና ከእያንዳንዱ ውድድር በኋላ እንደገና ግሪስ መጠቅጠቅ ነበረባቸው። ለዚህ ነው ቦታው ሪፓክ (በእንግሊዝኛ እንደገና መጠቅጠቅ ማለት ነው) የተባለው። ማውንቴን ባይክ ከዚያ ነው የተወለደው ቢባል ማጋነን አይደለም። እኔ በአንድ ጣት የምይዘውን የዘይት ፍሬን ሳስብ ይገርመኛል። በ11 ወር ዘይቱን አልነካሁትም። የኋላ የፍሬን ሸራ ሁለት ጊዜ፣ የፊቱን አንድ ጊዜ ቀይሬያለሁ።

ዳርቻው መንገዱ ለስላሳ ነው፤ ብስክሌቱን የሚጎዳው ጨው ነው። ጉሙ ጨው ይዞ ይመጣል። በ5ኛው ወር የመሪው ብሎኖች ዝገው አየሁ፤ አንዱ አልፈታ ብሎ ራሱ ተላጠ። አሁን ከዚያ በመጣሁ ቁጥር በንጹህ ውሃ አለቅልቄ፣ በጨርቅ አድርቄ፣ ካቴናውን ዘይት እቀባለሁ። ብሎኖቹን በየጊዜው ፈትቼ ግሪስ አደርጋለሁ። ሃያ ደቂቃ ነው።

አብረውኝ የሚወጡ አንድ ታላቅ ሰው አሉ። ባሕር ዳር ከተማ ያደጉ ናቸው፤ ልጅነታቸውን በብስክሌት ነው ያሳለፉት። ጋሼ እላቸዋለሁ። ቁልቁለት ላይ ፍሬን አጥብቄ ስይዝ ያዩኝና «አትጨብጠው ልጄ፣ አባብለው» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። ፍሬኑን ሳባብለው ጎማው አይንሸራተትም። ፓርኮቹ ውስጥ የፍጥነት ወሰኑ በሰዓት 15 ማይል ነው፤ እግረኛና ፈረስ ሲመጣ ቆመን እናሳልፋለን። ደወል የገዛሁትም በሳቸው ምክር ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ቻቦት ላይ ብስክሌት ተቀያየርን። እሳቸው የያዙት ከኔው በእጥፍ ዋጋ የተገዛ፣ ከኋላም ሾክ ያለው ነው። በኔው ጎልደንሮድን ጨርሰው ግድቡ ላይ ጠበቁኝ። ስደርስ ከኮርቻው አልወረዱም። «ስንት ነው ያልከኝ?» አሉ። ነገርኳቸው፤ የጎማውንም የምሰሶውንም ጨምሬ። ቁመታቸው ከኔ ያንሳል። ትንሹን መጠን እየፈለግንላቸው ነው።