ልጄን ወደ ሩጫዋ ለመለሱልን ሲስተር ምስጋና ይድረሳቸው

ይህን የምጽፈው በአዲስ አበባ በአንድ የመንግሥት ሆስፒታል የስኳር ሕሙማን ክትትል ክፍል የሚሠሩ አንዲት ነርስ ለልጄ የዋሉላትን ውለታ በአደባባይ ለመመስከር፣ እንደኛ ኢንሱሊን የሚወጋ ልጅ ያላችሁ ወላጆችም ሳትንከራተቱ እርሳቸው ዘንድ እንድትደርሱ ለመጠቆም ነው። ስማቸው እንዲጻፍ ስላልፈቀዱ ሲስተር ብቻ እላቸዋለሁ።

ልጄ አንደኛው ዓይነት የስኳር ሕመም ሲገኝባት ለትምህርት ቤቷ ሦስት ሺህ ሜትር ትሮጥ ነበር። ከዚያ በኋላ የገጠመን ነገር እስከ ዛሬ ከልቤ አልወጣም። አንድ ቦታ «ስፖርት ለእሷ አይሆንም፣ ይቅርባት» ተብለን ያለ ምንም ማብራሪያ ተሸኘን። ሌላ ቦታ ደግሞ ስፖርት ስኳር ስለሚያወርድ እንደ ልቧ ትሩጥ ተባልን፤ ከመሮጧ በፊት ምን መብላት እንዳለባት፣ መርፌዋስ እንዴት እንደሚሆን የነገረን ሰው አልነበረም። በዚያው ሰሞን ልምምድ ላይ እያለች ላብ አጠመቃት፣ እጇ ተንቀጠቀጠ፣ አንደበቷ ተሳሰረና ወደቀች። ድንገተኛ ክፍል የተቀበለን ባለሙያ ልጅቷ ገና ሳትነቃ «ማን ሩጪ አላት?» እያለ ጮኸብን። ልጄ ከዚያ ቀን ጀምሮ የመሮጫ ጫማዋን ማየት ጠላች።

ሲስተር ታሪኳን እስከ መጨረሻው ካዳመጡ በኋላ «እስቲ መጀመሪያ ስትሮጪ ልይሽ» አሏት። እውነትም በዕረፍት ቀናቸው፣ ቅዳሜ ማለዳ፣ ነጠላቸውን ተከናንበው መስቀል አደባባይ መጡ። ጣቷን ወግተው ሲለኩ 84 አለ። ከ90 በታች ሆና መነሳት እንደሌለባት ነግረዋት፣ ከቦርሳቸው ሙዝ አውጥተው አበሏት፤ ጥቂት አስቀምጠው፣ እንደገና ለክተው፣ ቁጥሩ ሲወጣ «በይ አሁን ሂጂ ልጄ» አሏት። መሀል ላይ አስቁመው ለኩ፣ ስትጨርስም ለኩ፤ ሁሉንም ከበላችበትና ከተወጋችበት ሰዓት ጋር በደብተር አሰፈሩ። እግዜር ይስጣቸው፣ አሰልጣኟንም ጠርተው እጇ ሲንቀጠቀጥ ወይም ንግግሯ ሲዘበራረቅ የስኳር ውሃውን ወዲያው እንዲሰጣት፣ ራሷን ከሳተች ግን በአፏ ምንም ሳያፈስ ወደ ሐኪም ቤት እንዲያፈጥናት አስረዱት።

ሐኪሟ የልምምድ ቀን መርፌዋን ያስተካከለላት ያንን ደብተር አይቶ ነው። ስሌቱን እኔ አልችለውም፤ በቤታችን የምንጠብቀውን ግን አውቀዋለሁ። ልትሮጥ ስትል ጭኗ ላይ አትወጋም፣ ሆዷ ላይ ነው። ስኳሯ ከ250 በላይ ሆኖ ሽንቷ ኬቶን (ኢንሱሊን ሲያንስ ሰውነት ስብ እያቃጠለ የሚያመነጨው አሲድ) ካሳየ የዚያን ቀን ልምምድ የለም። ከ70 በታች ከወረደ ደግሞ ቆማ፣ ሦስት አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር የተበጠበጠበትን ውሃ ጠጥታ፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ትለካለች።

ከሁሉም በላይ የማመሰግናቸው ስለ ሌሊቱ ስለነገሩን ነው። ሩጫው ካለቀ ከብዙ ሰዓት በኋላ፣ እንቅልፍ ላይ ሳለችም ስኳሯ ሊወርድ እንደሚችል ከእርሳቸው በፊት ማንም አልነገረንም፤ ልጃችን በልምምድ ቀን ሌሊቱን በላብ ተነክራ የምትነቃበትን ምክንያት ያወቅነው ያን ጊዜ ነው። አሁን ከመተኛቷ በፊት ትለካለች፣ አነስ ካለም ዳቦና ወተት ትወስዳለች። የመለኪያው ስትሪፕ (ደሙ የሚነካበት ቁራጭ) ዋጋ ለብዙ ቤተሰብ ከባድ እንደሆነ ስለሚያውቁ፣ ፈጽሞ የማይታለፉትን ሰዓቶች ለይተው የነገሩንም እርሳቸው ናቸው።

ወላጆች፣ እባካችሁ ልጆቻችሁን ከሜዳ ከማስቀረታችሁ በፊት እኚህን ሴት አግኙ፤ ደግሜ እላለሁ፣ አግኟቸው። በውስጥ መስመር ለሚጽፍልኝ ሁሉ ሆስፒታሉንና የሚገኙበትን ቀን እነግራለሁ። ስትሄዱ የስኳር መለኪያውን ያዙ፣ ልጃችሁ የሚበላበትን፣ የሚወጋበትንና የሚጫወትበትን ሰዓትም ጽፋችሁ ውሰዱ፤ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እሱን ነው።