«ሞተሩ አልቋል፣ ሙሉ ሞተር ቀይር» ከተባላችሁ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት

አሮጌ ኮሮላ የምትነዱ ሁሉ፣ በተለይ አዲስ አበባ ያላችሁ፣ ይህን እስከ መጨረሻው አንብቡት። ታላቅ ወንድሜን ብዙ ገንዘብ ያስወጣው አታላይ ንግድ ነገ እናንተ ደጅ ሊመጣ ይችላል።

የወንድሜ መኪና 1.8 ኮሮላ ናት፤ ሞተሯ ዋን ዜድዜድ (1ZZ) የሚባለው ነው። ዘይት መብላት ጀመረች፣ ዳገት ላይም ትደክማለች። ጋራዥ ወሰዳት። ካንዴላ (ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን) ፈትተው ኮምፕሬሽን (ሲሊንደር ውስጥ የሚጨመቀውን አየር ግፊት) ለኩ፤ መለኪያው በ9 እና በ10 ባር (የግፊት መለኪያ) መካከል አነበበ። ከዚያ የፋብሪካውን መመሪያ በስልክ አውጥተው አሳዩት፦ ከ10 ባር በታች ከሆነ ሞተሩ ከልክ በታች ነው ይላል። «ወንድሜ፣ ይሄ ሞተር አይታደስም። ከሻርጃ የመጣ ንጹሕ ሞተር አለን፤ አሮጌውን ትተህልን ከሄድክ ዋጋ እንቀንስልሃለን» አሉት። በመጽሐፍ የተደገፈ ስለመሰለው ከፈለ።

መመሪያው ውሸት አይደለም። ውሸቱ ያለው ቁጥሩን አዲስ አበባ ላይ እንዳለ መተርጎሙ ላይ ነው። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ገደማ ያንሳል። ሞተር የሚጨምቀው የሳበውን አየር ነው። የሳበው ሲሳሳ መለኪያው ላይ የሚወጣው ቁጥርም አብሮ ይወርዳል። ባሕር ዳርቻ ላይ 13 ባር የሚያሳይ ጤነኛ ሞተር እዚህ 10 ገደማ ቢያሳይ ምንም አልሆነም። ያንኑ መኪና ድሬዳዋ አውርዳችሁ ብትለኩት ከፍ ብሎ ታገኙታላችሁ። ዳገት ላይ ጉልበት ማነሱም በከፊል የዚሁ የስስ አየር ውጤት ነው፤ ቱርቦ የሌለው መኪና ሁሉ ይደርስበታል። ይህን ለዓመታት እዚህ ከተማ የሠራ መካኒክ አያውቅም ብዬ ለማመን ይከብደኛል።

ሌላም ዘዴ አለ። ኮምፕሬሽን ሲለካ ሞተሩ የሞቀ፣ ባትሪው የሞላ፣ አራቱም ካንዴላ የወጡ፣ የነዳጅ ፔዳሉ እስከ ታች የተረገጠ መሆን አለበት። ፔዳሉ ሳይረገጥ ሞተሪኖው (ማስነሻው) ብቻ ከተመታ አየር በደንብ ስለማይገባ ቁጥሩ ይወርዳል። ስለዚህ ሲለካ ከጎን ቁሙ፤ ማን ፔዳሉን እንደረገጠ በዓይናችሁ እዩ። ከዚያ አንዱን ቁጥር ይዛችሁ አትደንግጡ፤ አራቱን ሲሊንደሮች አስተያዩ። ልዩነታቸው 1 ባር ገደማ ውስጥ ከሆነና አራቱም እጅግ ካልወረዱ ሞተሩ አልሞተም። አንዱ ብቻ ወርዶ ከተገኘ እሱ ውስጥ አንድ ማንኪያ የሞተር ዘይት ጨምረው ደግመው ይለኩት፦ ቁጥሩ ከወጣ ፋሻው (የፒስተን ቀለበቱ) ነው፤ ካልወጣ ወደ ቫልቭ ወይም ወደ ቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ተመልከቱ። ሁለቱም ይጠገናሉ።

ዘይት መብላቱስ? የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ዋን ዜድዜድ ሞተሮች በዚህ የታወቁ ናቸው። ፒስተኑ ላይ ዘይት የሚመለስባቸው ቀዳዳዎች ጠባብ ስለሆኑ በጥቀርሻ ይደፈናሉ፤ የዘይት ቀለበቱ ይጣበቃል፤ ኮምፕሬሽኑ ግን ጥሩ ሆኖ ሊቀጥል ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ርካሹን ፒሲቪ ቫልቭ (የሞተሩን ውስጥ ጭስ መልሶ ወደ አየር ማስገቢያው የሚልከውን) አስፈትሹ። ካልሆነ የተሻሻለ ፒስተንና አዲስ ፋሻ ማስገባት ነው። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያናድደኝ ይህ ነው፦ ከሻርጃ መጣ የተባለው ሞተርም ያው ዋን ዜድዜድ ነው፤ ያንኑ በሽታ ይዞ ሊመጣ ይችላል። የእናንተን ሞተር ታሪክ ታውቃላችሁ፤ የዚያን ግን ማንም አይነግራችሁም። መሬት ላይ አስቀምጠው ለጥቂት ደቂቃ ማስነሳት ምንም አያረጋግጥም፤ ወፍራም ዘይት ከተሞላ ጭሱም ድምፁም ለጊዜው ይደበቃል።

የወንድሜ «አዲሱ» ሞተር ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ በማርሽ ይዞ ሲወርድ ቆይቶ ነዳጅ ሲረገጥ ሰማያዊ ጭስ ይለቃል። ሰማያዊ ጭስ የሚነድ ዘይት ነው። ተመልሶ ቢሄድ «ሲነሳ አይተህ ነው የወሰድከው» አሉት። የጽሑፍ ዋስትና አልነበረም፤ ደረሰኝም የለም።

ገበያው እንዲህ የደራው ያለ ምክንያት አይደለም። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገሉ መኪኖችን ማስገባት እጅግ አስወደደ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ተከለከለ። እጃችን ላይ ያለችውን አሮጌ መኪና ከማቆየት ውጭ ብዙዎቻችን አማራጭ የለንም። ይህን ጭንቀታችንን ነው የሚነግዱበት።

ሞተር መቀየር የግድ ከሆነባችሁ የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑንና ሕጋዊ ደረሰኙን ሳትይዙ አትክፈሉ። የሞተር ቁጥር ሊብሬያችሁ ላይ ተጽፏል፤ ለውጡ በትራንስፖርት ቢሮ ካልተመዘገበ ለቦሎ ምርመራ ስትቀርቡም ሆነ መኪናውን ሸጣችሁ ስም ስታዛውሩ ትቸገራላችሁ። ዋስትናው በጽሑፍ ይሁን፤ መኪናው ተነድቶ የዘይቱ መጠን በዲፕስቲክ (በዘይት መለኪያ ዘንጉ) እንደሚታይና ዘይት ከበላ ገንዘቡ እንደሚመለስ ይጻፍበት።

አሮጌውን ሞተራችሁን ደግሞ በቅናሽ ስም ለጋራዡ ጥላችሁ አትውጡ። ዲናሞው፣ ሞተሪኖው፣ ቴስታታው እያንዳንዱ ገንዘብ ነው፤ ሊብሬያችሁ ላይ ያለው ቁጥርም የታተመው እሱ ላይ ነው። ወንድሜ አሁን የራሱን ሞተር አሳድሶ መልሶ ለማስገባት ፈልጎ ሲጠይቃቸው «ተሸጧል» ብለውታል፤ ለማን እንደተሸጠ ግን ሊነግሩት አልፈለጉም።